ቃሏን የመለሰችው አዋላጅ

አንዲት አዋላጅ ነበረች። በአገሩ በእሷ እጅ ያልተወለደ ወጣት አልነበረም፤ ቃሏም እንደ ሕግ ይከበር ነበር። ገና ልጃገረድ ሳለች ነፍሰ ጡር ጎረቤቷ ኮሶ ጠጥታ ፅንሱ ሲወርድባት አይታለች። ከዚያ ወዲህ እርጉዝ ሴት ባየች ቁጥር፣ «የትል መድኃኒት የሚሉት ባፍሽ እንዳይዞር!» ትል ነበር።

ኋላ ጤና ጣቢያው ለነፍሰ ጡሮች የትል ኪኒን መስጠት ጀመረ። ሴቶቹ ላለማስቀየም እየተቀበሉ መንገድ ላይ ይጥሉታል።

አንድ ቀን እርግዝናዋ አምስት ወር የገባ ሙሽራ ሰው ደግፏት መጣች። ውሃ ቀድታ ዳገቱን መውጣት አቅቷታል፤ አፈር ብይ ብይ ይላታል። አዋላጇ የዓይኗን ቆብ ገልጣ ብታይ ነጥቷል። ባለፈው ክረምት እንዲሁ የነጣች ሴት በምጥ ላይ ደም ፈሷት እጇ ላይ ቀርታባታለች። ልቧ ደነገጠ። ሙሽራይቱን ይዛ ጤና ጣቢያ ወረደች።

ቢመረምሯት ደም የሚመጥ ትል ተገኘባት። አዋላጇ ኪኒኑን በመዳፏ ይዛ ነርሷን፣ «ይሄ ኮሶ ነው?» አለቻት።

«አይደለም እማማ። ኮሶን መፍራትዎስ ልክ ነበር። ይሄ ግን እርግዝናው ሦስት ወር ካለፈው በኋላ የሚሰጥ ነው፤ የሚገድለው ትሉን ነው።»

ሙሽራይቱ የአዋላጇን ፊት አየች። «ዋጪው ልጄ» አለቻት አዋላጇ፤ ሙሽራይቱም ዋጠችው።

ነገሩ እዚያው ቢቀር ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን እሑድ፣ ሴቶቹ ሁሉ ለክርስትና ድግስ በተሰበሰቡበት፣ ከክብር ቦታዋ ተነሣች።

«ልጆቼ፣ የከለከልኳችሁን ኪኒን ውሰዱ። ኮሶውን ዛሬም አትንኩ። ሁለቱን አንድ ያደረግኳቸው ሳልጠይቅ ነው።»

አንዲቱ ብድግ ብላ፣ «ታዲያ እስከ ዛሬ ኪኒኑን ያስጣሉን በማን ይመካኝ?» አለቻት።

«በእኔ» አለች። ብታፍርም የሁሉንም ጥያቄ ሳትመልስ አልተቀመጠችም።

ሴቶቹ ጤና ጣቢያ መውረድ ጀመሩ። ሙሽራይቱ ደሟ ተመልሶ በሰላም ተገላገለች። ያቺ የተቆጣቻት ሴት እንኳ ምጥ ሲይዛት፣ «እማማን ጥሩልኝ» ነው ያለችው።

ልጄ፣ ይህን ያወራሁልህ፣ «አንዲት መበለት ከቤቷ ትውጣ ብዬ የፈረድኩት ስህተት ነበር፤ ብመልሰው ግን ሰው ይንቀኛል» ብለህ ስለመጣህ ነው። አንተ የሽማግሌነት ወንበር ላይ እንደተቀመጥክ፣ አዋላጇም እንዲያ ተከብራ ነበር። እሷ ከክብሯ ይልቅ ሴቶቹን ጠበቀች፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው ትልቅ። የአንተን ዝምታ ዋጋ ግን የምትከፍለው መበለቲቱ ናት። ከቤቷ ሳትወጣ ተነሥ፣ ሂድና ፍርድህን መልስ።