በደምለው ደጅ የተነሣው ክርክር

«ተረት ተረት!»
«የላም በረት!»
ምነው ድምፃችሁ ቀጠነ? እራት አልበላችሁም እንዴ? በሉ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ደምለው የሚባል ጨው ነጋዴ ነበር። ሚስቱን የሚወድ፣ ሳቅ የሚወድ፣ ትንሽ ግን ፈሪ ነበር። አንድ ቀን ጣዖት የሚያመልክ ጦረኛ መንገድ ላይ ያዘውና ጎራዴ መዘዘበት። ከዚያም፦ «ማተብህን በጥስ! አምላክህን አላውቀውም በል!» አለው። ደምለው ጎራዴውን አየና ማተቡን በጠሰ። «አላውቀውም» አለ። ምን ያድርግ፣ ሞት ፈራ።

አገሩ ሲገባ አንገቱ ባዶ ነው። ጠፋብኝ ብሎ መዋሸት ይችል ነበር። እሱ ግን እያለቀሰ እውነቱን ተናገረና ሰው ሁሉ ሸሸው። የሐምሌ አምስት የጴጥሮስ ማኅበር ተራ ደግሞ የደምለው ነበር። ሚስቱ ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ ጠበቀች። ማኅበርተኛው ካልገባላቸው ከእንግዲህ ለክፉም ለደጉም ብቻቸውን መቅረታቸው ነው።

ማኅበርተኛው መጣና ደጃፉ ላይ ቆመ።

መሪጌታ ዘርጋው፦ «ጌታ የካደኝን እክደዋለሁ ብሏል! እዚህ ቤት አልገባም» አሉ።

ቄስ አድማሱም፦ «ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በሉ ያለውስ ማን ነው?» አሉ።

አንዱ ከዚህ ይጠቅሳል፣ አንዱ ከዚያ ይጠቅሳል። የሐምሌ ዝናብም መጣና ወረደባቸው። ጠላው ይሸታቸዋል፣ ክርክሩ አያልቅም። እኔ ብሆን ገብቼ እከራከር ነበር!

ከዚያም መሪጌታን ከልጅነታቸው የሚያውቋቸው አሮጊት መነኩሴ፣ እማሆይ ሐመልማል፣ በከዘራቸው ጎሸም አደረጓቸውና፦ «ዘርጋው፣ ልጅ ሳለህ ዋርካ ላይ ስትወጣ እናትህ ምን ትልህ ነበር?» አሉ።

«‹ብትወድቅ ዞሬ አላይህም› ትለኝ ነበር።»

«ወደቅህ?»

«ወደቅሁ እማሆይ። እግሬ ተሰበረ።»

«ማን አነሣህ?»

 ውሃው ከመሪጌታ ጥምጥም ይንጠባጠባል።

«እሷው ናት። እየሮጠች መጥታ አዘለችኝ።»

«ዋሽታህ ነበር?»

«የለም! እንዳልወድቅ ብላ ነው እንጂ።»

«ጌታስ ከእናትህ ያንሳል? ‹እክደዋለሁ› ያለውን ለቆመው ተናገረ፣ ‹ይቅር በሉ› ያለውን ለወደቀው። ደግሞስ ዛሬ የማንን ጽዋ ልትጠጣ መጣህ?»

«የጴጥሮስን...» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሦስት ጊዜ የካደውን የጴጥሮስን!

ማኅበርተኛው በሳቅ ፈነዳ። እየተገፋፋም ገባ። የደምለው ሚስት እልል አለች። ደምለው ጓዳ ተሸሽጎ ነበርና ጎትተው አወጡት። ቄስ አድማሱ ንስሐ ሰጡት። መሪጌታም ከራሳቸው ማተብ ሦስት ክሮች አንዱን መዘዙና በደምለው አንገት አሰሩለት።

«የኔም ሳሳ፣ ያንተም ቀጭን ነው» አሉት። «እንግዲህ አብረን እንጠንቀቅ።»

ተረቴን ሰማችሁ፣ የኔ አፍ ግን ደረቀ። ዳቦ ቁረሱልኝ፣ ትልቁንም ለእኔ!