የጉንዳንና የውሃ እናት ፍልሚያ

ይህ ወግ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይጎልደፍ! በእኛ አገር፣ ሰው ጥፋቱን በገዛ እጁ ሲጎትት ባዩ ቁጥር ሽማግሌዎች የሚተርቱት አንድ ተረት አለ። መነሻውን ከእኔ በቀር አሳምሮ የሚነግራችሁ የለም።

አያ አንሙት ንብ አንቢ ነበር። በሬዎቹ በበሽታ ካለቁ ወዲህ እሱና ሚስቱ እቴ አትጠገብ የሚኖሩት በቀፎዎቹ ማር ብቻ ነው። ማር ሊቆረጥ ጥቂት ሲቀረው፣ ሐይቅ ዳር የሚኖረው የእህቱ ባል አያ ይኸነው በቅል ውሃ የውሃ እናት ይዞ መጣ፤ ያቺን ውሃ ላይ እየተሽከረከረች ትንኝ የምትነጥቅ ጥቁር ነፍሳት።

«አንተ የደጋ ሰው፣ ነካሽ ማለት ይቺ ናት» አለ።

«እህ! የኛን ጉንዳን አላየህማ። እንኳን እሷን አንተንም ከነታንኳህ ይበላል።»

«ወሬ!»

«እናጋጥማቸዋ! የተሸነፈ በማኅበሩ ፊት ሌላውን ‹ጌታዬ› ይበል።»

እቴ አትጠገብ «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ንቦቹን!» ብትል ማን ሰምቷት። አያ አንሙት፣ ጉንዳን እንዳይገባ በቀፎዎቹ ዙሪያ የነሰነሰውን አመድ ጠረገ። ከጫካው እስከ ግቢው የዶሮ አንጀት እያንጠባጠበ ጠራው።

መጣላችሁ! አንዱ ጉንዳን የባቄላ ፍሬ ያክላል፤ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ለማየት በቅሎ መጫን ያሻል። የውሃ እናቷም እንደ ጦር አበጋዝ ተሽከረከረች። መቶ ስትጥል ሺ ይተካል፤ ምድር ተንቀጠቀጠች! ቀትር ላይ የውሃ እናቷ ወደቀች። ያን ጊዜ በንዴት የነደደው ጉንዳን ወደ ቀፎዎቹ ዞረ። አያ አንሙት አመድ በእጁ እያፈሰ ቢበትን፣ ቢበትን፣ ወይ ፍንክች። ጀንበር ስትጠልቅ ግቢው ውስጥ አንዲት ንብ እንኳ እምም አላለችም። እሱ ግን ጆሮውን ባዶ ቀፎ ላይ እንደ ለጠፈ ቀረ።

ባለፈው አንድ ተዝካር ላይ ይህንኑ አሳምሬ ሳወራ፣ አሁን ያረጀችው እቴ አትጠገብ ጥግ ተቀምጣ ኖሯል።

«ተው አንተ ልጅ» አለች ቀስ ብላ። «ውጊያ አልነበረም። የውሃ እናቷ ገና ከቅሉ ወጥታ መሬት ስትነካ ሞተች። ጉንዳኑ ዞር ብሎም አላያት፤ በቀጥታ ወደ ቀፎው ነው የሄደ።»



«አያ አንሙትስ?» አለ አንዱ።

«ለቀን ሥራ ብሎ ቆላ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሲወጣ ደጃፍ ቆሜ ያልኩት ነው ዛሬ ተረት የሆነላችሁ፦ ጉንዳን የጋበዘ ማር አይቆርጥም።»