ቤት አፍራሹና ስድስቱ ቀይ ወንበሮች

አንድ ቤት አፍራሽ ነበረ። ስሙ ደምለው ይባላል። በሚኖርባት ትንሽ ከተማ አሮጌ ቤት ያለው ሰው አዲስ መሥራት ሲያምረው የሚጠራው እሱን ነበር። ዲጅኖውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ጣራውን ያወርዳል፣ ግድግዳውን ይንዳል፣ ቦታውን ጠርጎ ይሄዳል። አንድ አመል ግን ነበረበት። ከሚያፈርሰው ቤት ሁሉ አንድ ነገር፣ እጁ ለመስበር እንቢ ያለውን አንድ ነገር፣ ባለቤቱን አስፈቅዶ ወደ ቤቱ ይወስዳል።

ስለዚህ ቤቱ ከሌሎች ቤቶች የተሰባሰበ ነበር። መዝጊያው ከድሮ ወፍጮ ቤት የመጣ ወፍራም የዝግባ ሳንቃ ነው፤ ከስንጥቁ ውስጥ ዱቄቱ እስከ ዛሬ አልወጣም። አንዱ መስኮት ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። የጠባቡ ደፍ መሃሉ ጎድጎድ ብሏል፤ አንዲት ጥጥ ፈታይ አርባ ዓመት ሙሉ ክንዷን ያሳረፈችበት ነው። ሚስቱ ትጓደድ ደግሞ ወቅቱ የሰጣትን ታመጣለች። በኅዳር የማሽላ ራስ ከነአገዳው በበሩ አናት ታስራለች፣ በዚያው ወር የገብስ ዘለላ በተሰነጠቀ ጋን ታቆማለች፣ በሚያዝያ የአጋም አበባ በየመስኮቱ ታኖራለች። የደረቀውን ለላሟ ትሰጥና ሌላ ፍለጋ ትወጣለች። የሰፈሩ ሰው ቤቱን «የፍርስራሽ ቤት» ይለው ነበር፤ ይበል።

ከዕቃው ሁሉ የሚወዱት ግን ከግድግዳው ጋር እኩል የተዘረጋውን የወይራ አግዳሚ ነበር። ይህን አግዳሚ ልብ በሉት። የመጣው የከተማው ትልቅ ነጋዴ ከሆነው ከአቶ ሙጨ አባት ጎጆ ነው። አባትየው እንጨት ለቃሚ ነበሩ፤ በገዛ እጃቸው ጠርበው ሠሩት። በአንደኛው ጫፍ ላይ ከመዳፍ የማይበልጥ የተቃጠለ ክብ አለ። ሙጨ ልጅ ሳለ ፊደል ሲያጠና ኩራዙን የሚያስቀምጠው እዚያ ላይ ነበር። ሀብት ሲያገኝ ጎጆዋን በደምለው አስፈርሶ ፎቅ ሠራ። «ውስጥ ያለውን ሁሉ አቃጥለው» አለው። ደምለው አግዳሚውን ልውሰደው ወይ ብሎ ሲጠይቀው ደግሞ «ከዓይኔ ይራቅ እንጂ የትም አድርሰው» አለ።

አሁን ወደ ወንበሮቹ ልምጣ። ነጋዴው ስድስት ቀይ የከፋይ ወንበሮች ነበሩት። ከእነሱ ጋር ጣዎስ የተሳለበት የግድግዳ ምንጣፍና አንድ እቅፍ የላስቲክ አበባም ነበረው። በዚያች ከተማ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣበት ቤት የራሱን ዕቃ ሁሉ ወደ ጓሮ ያወጣና የነጋዴውን ወንበሮች ያስገባል። ነጋዴው በደስታ ያውሳል፣ ምንም አይቀበልም። ደግነት ይመስላል አይደል? የሽማግሌዎቹ አለቃም ራሱ ነበር። ይመጣና በገዛ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ዙሪያውን ቃኘት አድርጎ «ቤታችሁ ያምራል» ይላል። ባለቤቶቹም እጅ ነስተው ያመሰግናሉ!

አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነበር፤ የሚናገረው ግን የለም። ወንበሮቹ በየቤቱ የሚደረደሩት በአንድ ተራ ነው፤ ከግራ ሦስተኛው ሞላው ወጥቶ ይወጋል። ሽማግሌዎቹ በማንም ቤት ቢገቡ በዚያ ላይ አይቀመጡም። የማንንም ቤት በቅጡ አይተው አያውቁም፤ ወንበሩን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል።

ደምለውና ትጓደድ ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ስንዱን የኮርቻ ሠሪው ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ይህን ለወጉ ያህል የምናገር እንዳይመስላችሁ። የልጁ ስም ሲነሳ የያዘችውን ዕቃ የት እንዳስቀመጠች ትረሳ ነበር። በኅዳር ወር ሽማግሌ እሁድ ከሰዓት እንዲመጣ ተቀጠረ።

እሁድ ጠዋት በደምለው ደጅ አንድ ጋሪ ቆመ። ስድስቱ ወንበሮች፣ ጣዎሱና የላስቲክ አበባው ተጭነውበታል። ላኩልን ያለ ማንም አልነበረም።

«አቶ ሙጨ ናቸው የላኩኝ» አለ ባለጋሪው። «አሮጌውን ሁሉ አውጡ፣ በተለይ አግዳሚውን ብለዋል።»

የደምለው ፊት ተለዋወጠ። ጋሪውን ሊመልስ እጁን ሲያነሳ ጎረቤታቸው እትዬ አልጣሽ ከአጥር ወዲያ ደረሰችበት።

«ደምለው፣ እልህህን ለራስህ ቀን አቆየው። ዛሬ የልጅህ ቀን ነው» አለችው። «ሰውየው ያኮረፈ እንደሆነ ማን አፍ ይሆናችኋል? የጎረቤታችን የወርቄ ልጅ እኮ ሽማግሌ የተመለሰባት ሌላ ቤት ወንበሩን ተሻምቶ ስለወሰደባት ብቻ ነው።»

ደምለው ለራሱ ቢሆን አይበገርም ነበር። ለልጁ ሲሉት ግን አንገቱን ደፋ። አግዳሚውን ከትጓደድ ጋር ተሸክሞ በጓሮ በኩል አስቀመጠው። ጋኑ ወጣ፣ የገብሱ ዘለላ ወጣ። ቀዩ ወንበር ገባ፣ ጣዎሱ ተሰቀለ። ሲጨርስ ላቡን እየጠረገ ቆመና «ስንት ቤት አፍርሻለሁ፤ እንዲህ ልቤን ያመመኝ ቤት ግን የለም» አለ።

ስንዱ ለቤቱ ማሳመሪያ ማሽላ ልታመጣ ወደ ማሳ ወርዳ ነበር። እቅፉን ተሸክማ ስትመለስ ከደጁ ላይ ቆመች።

«ቤቶች!» አለች፣ እንደ እንግዳ።

«ምን ሆነሻል? ግቢ እንጂ!» አለቻት እናቷ።

«የማን ቤት እንደሆነ ስላላወቅኩ ነው።»

ደምለው አቀርቅሮ «ለአንቺ ብለን ነው ልጄ» አላት።

«ለእኔ ከሆነማ መልሱት አባዬ» አለች ስንዱ። «ነገ እዚያ ቤት ስገባ ቀይ ወንበር ተከትሎኝ አይመጣም፤ የምሄደው እኔው ነኝ። ያደግኩት በዚያ አግዳሚ ላይ ነው። በእሱ የሚያፍር ሰው ነገ በእኔም ያፍራል። የሚያፍርብኝ ከሆነ ዛሬውኑ ይፈርብኝ።»

እትዬ አልጣሽ ጣልቃ ገባች። «ካልሆነልሽስ አንቺ ልጅ? የምትወጂው ልጅ ቢቀርብሽስ?»

«ከቀረብኝማ አለቅሳለሁ። ግን በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አግዳሚዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማለቅሰው። በሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ አልስቅም።»

ይህን ብላ ማሽላውን አስቀመጠችና የመጀመሪያውን ወንበር በጀርባው ይዛ ወደ ውጭ ጎተተችው። ደምለው ቆሞ አያት፣ ከዚያ ሳቅ አመለጠው። ሁለተኛውን እሱ አነሳ፣ ሦስተኛውን ትጓደድ። ስድስቱንም በግቢው ውስጥ በወግ ደረደሯቸው፣ ምንጣፉን አጥፈው በላያቸው አኖሩ። አግዳሚው ወደ ቦታው ተመለሰ። ማሽላው በበሩ አናት ታሰረ። እትዬ አልጣሽ እየተቆጣች አጥሯን ዘልላ ሄደች፤ ጋኑን ግን ሳትሄድ አግዛ አስገብታለች።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ነበሩ፦ ነጋዴው፣ አንድ ቄስና የልጁ አጎት የሆኑ ሽማግሌ ኮርቻ ሠሪ። ነጋዴው ግቢ እንደገባ ወንበሮቹን ፀሐይ ላይ ተደርድረው አያቸውና ከንፈሩን ነከሰ።

«ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ» አለ ደምለው።

ገብተው ቆሙ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥምና መቆማቸው ወጉ ነው። የነጋዴው ዓይን ግን ወዲያው አግዳሚው ላይ ወደቀ፣ ከአግዳሚውም ጫፉ ላይ ባለው የተቃጠለ ክብ ላይ። ፈጥኖ ፊቱን አዞረ።

«ወንበሮቼ ለምን ውጭ ወጡ?»

«ቤታቸው ስላልሆነ ነው» አለ ደምለው።

«እኔ በዚህ ፍርስራሽ ላይ አልቀመጥም። ወንበሬ ይግባና ነገሩን እንጀምር። ካልገባ እወጣለሁ። እኔ ከወጣሁ ደግሞ በዚህ ከተማ ለልጅህ አፉን የሚከፍት ሽማግሌ አታገኝም!»

ስንዱ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ትሰማለች። ትጓደድ አግዳሚውን የሠራውን ሰው ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ሰውየው በከተማው ፊት ይዋረድ ነበር። ደምለው ግን በዓይኑ ከለከላት።

«አቶ ሙጨ» አለ ደምለው፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ሊጠይቁ የመጡት የማንን ልጅ ነው? የወንበሩን ልጅ ከሆነ ወንበሩ ውጭ አለ፣ ከእሱ ይጠይቁ። የዚህን ቤት ልጅ ከሆነ ደግሞ የዚህ ቤት መቀመጫ ይኸውላችሁ።»

ነጋዴው ኩታውን ሰብስቦ ወጣ። ሁለቱ እንደሚከተሉት አልተጠራጠረም። ሊጠብቃቸውም በግቢው ከተደረደሩት ወንበሮች ላይ ምንጣፉን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ።

አልተከተሉትም። ቄሱ ማሽላውን፣ ሰፊውንና ጠባቡን መስኮት፣ የገብሱን ዘለላ አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩ። «ሠላሳ ዓመት ሸምግያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ብቻ ነው ስገባ የኖርኩት!» አጎትየው ጎንበስ ብለው አግዳሚውን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ የእጅ ሥራ ያውቃሉና። «ይህን የጠረበ ሰው እጁ ይባረክ» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ።

«ተቀመጡ» አለ ደምለው። ተቀመጡም።

ነጋዴው ከውጭ የሰማው ሳቅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እልልታ። ስድስት ወንበር ይዞ ብቻውን ነበር። በንዴት የተቀመጠውም ከግራ ሦስተኛው ላይ ኖሮ ሞላው አስፈንጥሮ አስነሳው። እትዬ አልጣሽ በአጥር ቀዳዳ አይታ ለሰፈሩ ሁሉ ስለተረከችው ቀሪውን ለእሷ እተወዋለሁ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ከዚያ በኋላ ጋሪው ከሁለት ቤት ደጅ ሳይራገፍ ተመለሰ። በሦስተኛው ቤት ደግሞ አንዲት እናት «ሽማግሌው ደረቁ መደቤ ላይ ይቀመጥ፣ እኔ አሥር ልጅ ያሳደግኩበት ነው» አለች አሉ።

በሚያዝያ፣ የአጋም አበባ በደምለው መስኮቶች ላይ በነበረበት ሰሞን፣ ነጋዴው ብቻውን መጣ። ጋሪም አጃቢም አልነበረውም። ደምለው ይግቡ አለው፣ ገባ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠና አውራ ጣቱን በተቃጠለው ክብ ላይ አሳረፈ።

«ያን ቀን ሚስትህ ልትናገር ነበር» አለ ቆይቶ። «አይቻታለሁ። አንተ ነህ የከለከልካት። ላዋርድህ ስል ለምን አላዋረድከኝም?»

«ጎጆዋን አፍርስ አሉኝ እንጂ እርስዎን አፍርስ አላሉኝም» አለ ደምለው።

ነጋዴው አለቀሰ። የአባቱን ስም ጠርቶ አለቀሰ፤ ከቀብራቸው ቀን ወዲህ ጠርቶት አያውቅም ነበር። ሲወጣ በበሩ ላይ ዞር ብሎ ዙሪያውን አየና «ቤታችሁ ያምራል» አለ። ያን ቃል መቶ ጊዜ ብሎታል፤ ቤት አይቶ ሲለው ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። አግዳሚውን ልውሰደው አላለም፣ ደምለውም ይውሰዱት አላለውም። በየሳምንቱ እየመጣ ይቀመጥበታል።

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። ቤትህን የሚያሳምረው አንተን የሚያውቅህ ዕቃ ነው፤ እጅ የዳሰሰው፣ ክንድ የጎደጎደው፣ ኩራዝ ያቃጠለው። ከማሳህ የቆረጥከው አገዳ ቢደርቅ እንኳ የላስቲኩ አበባ አይተካውም። እንግዳ መጣ ብለህ ራስህን ወደ ጓሮ አታውጣ። የሚንቅህ ቢመጣ በገዛ መቀመጫህ ላይ ሆነህ ይናቅህ፤ የሚወድህም ቢመጣ የወደደው አንተን እንደሆነ ታውቃለህ። እንቢ ስትል ደግሞ ሌላውን ሳታፈርስ እንቢ በል።

እስቲ እናንተም ዛሬ ወደ ጓሮ ዞር በሉ። እንግዳ እንዳያየው ብላችሁ ያወጣችሁት አግዳሚ የማን እጅ ሥራ ነው?