የሙሽራው ጉንጭና የአያ ዘርጋው ምላጭ

እኛ አገር አንድ ሰው ነገር ሲበላሽበት "እመብርሃንን! እውነቴን ነው!" እያለ መማል ከጀመረ፣ ሽማግሌዎች ቃሉን ከመስማታቸው በፊት ጉንጩን ያያሉ። ከዚያ እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ ይሉና አንዲት ተረት ጣል ያደርጋሉ። ተረቷን የማያውቅ የለም፤ የማን ጉንጭ ተቧጥጦ እንደተገኘች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ጉንጩ የቢያድግልኝ ነበር። ቢያድግልኝ የጉንጉን ሜዳ ሰው ነው፤ ጎበዝ ገበሬ፣ ቸር፣ ድምፁ ያማረ። አንድ ጉድለት ቢኖርበት ጥድፊያው ነው። ወጡ ሳይበስል ያወጣል፤ በቅሎዋ ሳትጫን መንገድ ይጀምራል። ጎረቤቶቹም "እናቱ የወለዱት በሰባት ወሩ ነው፤ ዘጠኝ እስኪሞላ መቼ ጠብቆ!" እያሉ ይቀልዱበታል። ሚስት ለማግኘት ግን ጥድፊያው አልሠራለትም። ማንጠግቦሽን አይቶ ከወደዳት ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ልኳል። አባቷ አቶ ጥሩነህ "ዘሩን እስክናጣራ፣ ጠባዩን እስክናይ" እያሉ ሲያመላልሱት ኖረው በስንት ልመና እሺ አሉ። እሺ ሲሉም አንድ ቃል ጨመሩበት፦ "ሰርገኛው ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ደጃችን ይድረስ። ከዘገየ በሩ ይዘጋል።"

ያቺ ቃል ከቢያድግልኝ ጆሮ አልወጣ አለች።

በጉንጉን ሜዳ ደግሞ ሙሽራ ጢሙን የሚላጨው በሰርጉ ዕለት ጠዋት፣ በሽማግሌው ጢም ላጭ በአያ ዘርጋው ምላጭ ነው። ሌላ ምላጭ ጠፍቶ አይደለም፤ ልማድ ነው። አያ ዘርጋውም በዚህ ሥራቸው ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ ሻካራው ሞረድ ላይ ውሃ ጠብ እያደረጉ ምላጩን ወዲያና ወዲህ ያመላልሱታል። ቀጥለው ከአባታቸው የወረሱትን፣ መዳፍ የሚያህለውን ልሙጥ ጥቁር ድንጋይ ያወጣሉ። በመጨረሻ ጠፍር ላይ ያለሰልሱታል። የክንዳቸውን ፀጉር ሞክረው ሳይሰማቸው ካልተቆረጠ እንደገና ወደ ልሙጡ ድንጋይ ይመለሳሉ። ሲስሉ ያወራሉ፣ ሲያወሩ ይስላሉ፣ ጠዋቱም በዚያው ያልቃል።

የሰርጉ ዕለት ቢያድግልኝ ገና በማለዳ ደጃቸው ተገኘ።

"አያ ዘርጋው፣ እባክዎ ቶሎ ይበሉልኝ፤ መንገዱ ሩቅ ነው።"

"መንገዱ የትም አይሄድም፤ አንተ ተቀመጥ" አሉት ሞረዱን እያረጠቡ። "አባትህን የላጨሁት ቀን ምን እንዳለኝ ነግሬሃለሁ?"

"ነግረውኛል።"

"እንግዲያው ያያትህን ልንገርህ።"

ያያቱ ታሪክ በሻካራው ሞረድ ላይ አለቀ። ቢያድግልኝ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ፀሐይዋን አየ። ሚዜዎቹ በቅሎዎቹን ጭነው ከታች ይጣራሉ። አያ ዘርጋው ግን ምላጩን መደቡ ላይ አኖሩና ልሙጡን ድንጋይ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ገቡ።

ምላጩ ያብለጨልጫል። ቢያድግልኝ በአውራ ጣቱ ዳሰስ ቢያደርገው ነከሰው። "ይኸው ተስሎ የለም እንዴ! ሽማግሌው ወሬ አምሯቸው ነው እንጂ" አለ በሆዱ። ሳሙናውን ጉንጩ ላይ ለቀለቀና በግራ በኩል ከጆሮው ሥር ጀምሮ ወደ ታች ሳበው።

ከሻካራ ሞረድ የወጣ ምላጭ ገና ምላጭ አይደለም፤ ጥርስ አለው። ጢሙን ግማሹን ነጨው፣ ግማሹን አለፈው፤ ቆዳውን ግን አላለፈውም። ቢያድግልኝ "አሳሳቤ ይሆናል" ብሎ ደገመ። ሠለሰ። አራተኛም ሞከረ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። አራት ቀያይ መስመሮች ከጆሮው እስከ አገጩ ተሰልፈው ወረዱ። ቀኝ ጉንጩን ለመንካትማ ወኔ ከዳው። ምላጩን ጥሎ፣ ኩታውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ በቅሎው ላይ ዘሎ ወጣ።

አያ ዘርጋው ድንጋያቸውን ይዘው ሲመለሱ ሙሽራው የለም፤ ደም የነካው ምላጭ ግን አለ። ነገሩ ወዲያው ገባቸው። "አዬ ልጅ!" አሉና ምላጩን፣ ድንጋዩንና ጠፍሩን ከረጢት ውስጥ ከተው፣ በዝግተኛ አህያቸው ሰርገኛውን ተከተሉ።

ሰርገኛው ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ደረሰ። ቢያድግልኝ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ከዳሱ በር አላለፈም። የሙሽሪት አክስት ወይዘሮ የሻረግ ከዓይናቸው ምንም አያመልጥም። "በዚህ ፀሐይ ሙሽራውን ምን ብርድ መታው?" አሉና ኩታውን ገለጥ አደረጉት።



"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት" ብለው ቆጠሩ። አራት ጣታቸውን ዘርግተው ከጉንጩ ጋር አስተያዩት፤ ልክክ አለ። "ወንድም ጥሩነህ፣ ና ይህን ጉድ እይ! ይህ የሴት ጥፍር ነው። 'እኔን ጥለህ ወዴት' ብላ የሸኘችው አለች!"

"ኧረ ምላጭ ነው!" አለ ቢያድግልኝ።

"አራት ጥፍር ያለው ምላጭ የት ታውቃለህ?" አሉ አቶ ጥሩነህ። "ደግሞስ ተላጭተህ ከሆነ ይህ ሁሉ ጢም የማን ነው?"

ቢያድግልኝ ወደ መሐላ ገባ። በሚካኤል ማለ፤ አላመኑትም። በጊዮርጊስ ማለ፤ ፊታቸውን አዞሩ። "አባቴ ይሙት!" ቢል፣ "አባትህማ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው!" አሉት። "እንግዲያው እናቴ ትሙት!" አለ፤ እናቱ ከሰርገኛው መሃል "እኔ ምን አደረግሁህ?" ብለው ጮኹበት። ሚዜዎቹም አብረው ማሉለት፤ "ሚዜ ለሙሽራው ካልማለ ለማን ሊምል ነው?" ተባሉ።

ፀሐይ አናትን አልፋ አዘቀዘቀች። ወጡ ቀዘቀዘ። ቢያድግልኝ ጉሮሮው ደርቆ አሁንም ይምላል። በመጨረሻ አቶ ጥሩነህ የአገሩን ትልቅ ሽማግሌ አባ ይትባረክን አስጠርተው፣ "ሌላ ሴት ለቧጨረችው ሰው ልጄን አልሰጥም፤ ሰርገኛው እንደ አመጣጡ ይመለስ" አሉ። ቢያድግልኝ ልቡ ቁርጥ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ማንጠግቦሽ ስታለቅስ ይሰማዋል። ሮጦ ገብቶ ለእሷ ብቻ ሊነግራት ፈለገ። እሷም ባታምነውስ? ይህ ሐሳብ ከጭረቱ ሁሉ በላይ አመመው።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የአያ ዘርጋው አህያ ደጁ ላይ ቆመች።

"ሙሽራው ተላጨ?" አሉ ገና ሳይወርዱ።

ነገሩን ነገሯቸው። አያ ዘርጋው አልማሉም። ውሃ በቅል አስመጡ፤ ቢያድግልኝን ዳሱ መሃል በርጩማ ላይ አስቀመጡት፤ ያንኑ ምላጭ እንዳለ ከከረጢቱ አወጡት።

"አያ ዘርጋው፣ ይህ እኮ ገና..."

"ዝም በል! ጠዋት የቸኮልከው አንተ ነህ፤ አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው።"

ያልተነካውን ቀኝ ጉንጩን አረጠቡና አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አደረጉ።

"ውይ!" ብሎ ሙሽራው ከበርጩማው ዘለለ።

"አንድ ጊዜ ቢስቡት አንድ ጭረት፤ አራት ጊዜ ቢስቡት አራት" አሉ አያ ዘርጋው። ወይዘሮ የሻረግ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀይ መስመር፣ ዳርና ዳሩ ላይ የተረፈ ጢም፤ ከግራው ጋር ቁርጥ መንታ ነው። ጣታቸውን አዩ፣ ምላጩን አዩ። "እንግዲህ ያቺ ሴት እዚህ ከረጢት ውስጥ ነበረች በሉኛ" አሉ፤ ዳሱ በሳቅ ፈነዳ።

አያ ዘርጋው አሁን ልሙጡን ድንጋይ ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። የሙሽራውን ቅድመ አያት ታሪክ ከሥሩ ጀምረው እያወሩ ምላጩን ይስሉ ጀመር፤ ሰዉም ጠላውን እየጠጣ ሰማቸው። ቢያድግልኝ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "ቶሎ ይበሉ" ሳይል ተቀመጠ። ጠፍሩ ላይ አለሰለሱት። ከክንዳቸው አንዲት ፀጉር ወደቀች። ከዚያ ቀኝ ጉንጩን ከላይ እስከ ታች በአንድ ስበት ጠረጉት። እሱ መጀመራቸውን እየጠበቀ ሳለ "አበቃ" ተባለ።

"እኔስ የቸኮልሁት በሩ ይዘጋል ስላሉኝ ነው" አለ ለአማቱ፣ ጉንጩን እየዳሰሰ።

አቶ ጥሩነህ አፈር አሉ። "እሱን እኮ ለሙሽራ ሁሉ እንለዋለን። እኔ ራሴ ስሞሸር የደረስሁት በዚህ ሰዓት ነው፤ ማን ዘጋብኝ?"

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ተሰማ፤ የማንጠግቦሽ ነበር። ቢያድግልኝ ያን ሳቅ ሲሰማ የጉንጩን ማቃጠል ረሳው።

ሙሽሮቹ ለምርቃት ጎን ለጎን ሲንበረከኩ፣ አባ ይትባረክ እጃቸውን አንስተው የሙሽራውን አንዱን ለስላሳ፣ አንዱን የተቧጠጠ ጉንጭ ተራ በተራ አዩና ከምርቃቱ በፊት እንዲህ አሉ፦ "ሲስል ያረፈደ ባንዴ ላጨ፤ ሳይስል የላጨ ሲምል አመሸ።"