የሁላችን አህያ

ይህ የሆነው ጅብ ነግሦ፣ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ምንጭ በሚጠጡበት አገር ነው። የምንጩ ዳር ማጥ ስለነበረ ከጥንት ጀምሮ ማንም ብቻውን ውሃ አይወርድም። እያንዳንዱ የውሃ ጓደኛ ነበረው። አንዱ ሲጠጣ ሌላው ደረቁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጓደኛውን ማጥ ከያዘው ጎትቶ ያወጣዋል። የሚዳቋ የውሃ ጓደኛ አህያው ነበር። አንድ ክረምት እስከ ደረቷ ሰምጣ ሳለ ጆሮዋን ነክሶ አውጥቷታል፤ ጆሮዋ ትንሽ ተተልትሎ ቀርቷል፤ እሷ ግን ትኮራበት ነበር።

ታዲያ ጅብ አንድ ቀን ስብሰባ ጠራ።

«ሕዝቤ ሆይ» አለ፣ ድምፁን አለስልሶ፤ «አንዱን በአንዱ ላይ መጫን ግፍ ነው። ጓደኛው የሞተበትስ ማን ይጠብቀው? ከዛሬ ጀምሮ የወደቀን ማንሳት የሁላችሁም ግዴታ ይሁን። ሁሉም የሁሉም ጠባቂ ነው!»

እንስሳቱ በደስታ ጮኹ። ዝንጀሮ እንባ አውጥቶ አለቀሰ። ሚዳቋም እልል አለች፤ እውነትም ሕጉ ሲሰሙት ደስ ይላል። ከዚያ ወዲህ ማጥ ውስጥ የቀሩት ጥቂት አይደሉም። አንድ በቀረ ቁጥር ስብሰባ ተጠርቶ ሐዘን ይገለጻል፣ ሕጉም እንደገና ይነበባል።

አንድ ረፋድ አህያው ብቻውን ውሃ ወረደና እግሩ ከዳው። ወዲያው እስከ ሆዱ ሰመጠ።

«ኧረ ድረሱልኝ! ኧረ እባካችሁ!» ብሎ ጮኸ።

ዳሩ በእንስሳት ሞልቶ ነበር፤ ያልሰማ የለም። ሁሉም ቀና ቀና አሉ። ያዩት ግን አህያውን ሳይሆን እርስ በርሳቸውን ነው።

የሚዳቋ ልብ ደነገጠ። መውረድ ፈለገች፤ የምሯን ፈለገች። ግን አጠገቧ ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ጎሽ ቆሟል።

«ጋሼ ጎሽ፣ እንዴት ነው ነገሩ?» አለችው።

«ይወጣል ባክሽ። የከፋ ነገር ቢሆን ይሄ ሁሉ ፍጥረት ዝም ብሎ ይቆም ነበር?»

«እሱስ ልክ ነዎት።»

«እኔም እናንተን አይቼ ነው የተረጋጋሁት» አለ ዝንጀሮ ከኋላ።

ሚዳቋ አንድ እርምጃ ወደ ማጡ ተራመደች። ወዲያው ሁሉም ዞረው አዩዋት። ምን እንዳጠፋች እንጃ፣ አፈረች። አጎንብሳ ሣር ነጨች፤ ሣሩ ምንም አይጥምም ነበር።

አህያው እስከ አንገቱ ሰመጠ። በስሜ ቢጠራኝ እሄድ ነበር ብላ አሰበች። እሱ ግን በሕጉ መሠረት የሚጠራው ሁሉንም ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኑን ወደ እሷ ጣል ሲያደርግ ከጎሹ ጀርባ ተሸሸገች።

ጅብ መጣ። መንገድ ለቀቁለት።

«ማነው የወደቀው?»

«አህያ ነው፣ ጌታችን።»

«ማንሳቱስ የማን ግዴታ ነው?»

«የሁላችንም!» አሉ በአንድ ድምፅ። ሚዳቋም አብራ አለች፤ ሕጉን በቃሏ ታውቀዋለች።

«እኔስ ከእናንተ አንዱ አይደለሁም?» አለ ጅብ። ዞር ብሎ አያቸው፣ ትንሽም ጠበቃቸው። የተንቀሳቀሰ የለም። «እንግዲያው ግዴታዬን ልወጣ» ብሎ ወደ ማጡ ወረደ። አህያውን አንገቱን ይዞ ጎተተና አወጣው፤ ከዚያም እየጎተተ ወደ ጫካው ይዞት ሄደ። የአህያው ጩኸት ጥቂት ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ።

«አየሽ?» አለ ዝንጀሮ ለሚዳቋ፤ «ሜዳ ላይ አልቀረም። ደረሱለት።»

ሚዳቋ ወደ ጎሽ ዞረች። ጎሽ አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች።