ከሀብታሙ ጋር የተቋጠረው ሹም

እኔ አንዴ የሰማሁት ነገር ከጭንቅላቴ አይወጣም፣ ትርንጎ። የተወለድኩ ዕለት አዋላጇ ምን ለብሳ እንደነበር ሁሉ ልነግርሽ እችላለሁ፤ አረንጓዴ ቀሚስ ነው፣ ጫፉ የተተረተረ። አትሳቂ! ስለዚህ ጥያቄሽን አትድገሚልኝ። «እምዬ፣ ደላላው በአሥር ቀን ዓረብ አገር አስገባሻለሁ ይለኛል፤ የመንግሥቱ ቢሮ ግን ሠልጥኚ፣ ተመርመሪ፣ ውል ፈርሚ እያለ ሦስት ወር ያመላልሰኛል። ለምን ብዬ ነው የምጠብቀው?» ነው ያልሽው። ስልኩን ጆሮሽ ላይ ለጥፊና ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ወንዝ ተሻግረው በሰው አገር በሚሠሩ ሰዎች ላይ ንጉሡ ሾሞት ነበር። ሹም ስልሽ ግን ፈረስ ያለው፣ አሽከር የሚከተለው እንዳይመስልሽ። ቀጭን ነው። ነፋስ ሲነሳ ሚስቱ ይሄድብኛል ብላ በር ትዘጋበታለች። ሥራው፣ አንድ ሰው ልሻገር ሲል ማን ቤት እንደሚገባ መጠየቅ፣ ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚመለስ ከአሠሪው ጋር ማዋዋል፣ ውሉንም ብራና ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ነበር። ሰዉ ሰልችቶታል። «ይሄ ሰውዬ ጠይቆ ሳይጨርስ ክረምት ይገባል» ይሉታል። እሱም ይሰማል፣ ይከፋዋል፣ መልሶ ይጠይቃል።

አንዲት ጥጥ የምትፈትል ሴት ነበረች። እንዝርቷን ስታሾረው አይታይም። ወንዙን ተሻግራ አንድ ሀብታም ቤት ሁለት ዓመት ልትፈትል ተዋዋለች። ሁለቱ ዓመት አለቀ፤ አልመጣችም። በሦስተኛው አንድ ጨው ነጋዴ መልእክቷን ይዞ መጣ፦ «አልለቅሽም ብሎኛል። በር ይቆልፍብኛል። እናቴ አልጋ ላይ መዋሏን ሰምቻለሁ፤ በሕይወቷ ልድረስባት።»

ሹሙ ደብዳቤ ጻፈ። ሀብታሙ የማር ጋን ከደነበት። ሁለተኛ ጻፈ። ሀብታሙ ለጫጩቶቹ አነጠፈላቸው። ሦስተኛውን ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሳ እጁ ቆመ። «እኔ የምጽፈው ለሰውዬው ጫጩት ነው እንዴ?» አለ ለራሱ። ብራናውን ጠቀለለ፣ ጋቢውን ደረበ፣ ወንዙን ተሻገረ።

ሀብታሙ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ውፍረቱን ልንገርሽ? ሲቀመጥ መደቡ ያቃስታል፣ ሲነሳ መደቡ ተመስገን ይላል።

«ማን ነህ አንተ?»

«የፈታይዋ አገር ሹም ነኝ። ውሏ አልቋል፤ ልወስዳት መጣሁ።»

«የንጉሥህ አገር እኮ ወንዙ ዳር አለቀ! እዚህ ማን ይፈራሃል? ቁራ አንስቶህ ሳይሄድ ወደ ቤትህ ግባ።»

ቤተሰቡ በሳቅ ፈነዳ። የሹሙ ጆሮ ጋለ። ከጓዳ ይሰማ የነበረው የእንዝርት ድምፅ ግን ቀጥ አለ። እየሰማች ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ባዶ እጁን መመለስ እንደማይችል ሹሙ ያን ጊዜ አወቀ።

በዚያ ዘመን በወንዙ ወዲህም ወዲያም አንድ ሕግ ነበር። ከሳሽ የልብሱን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጋር ከቋጠረ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ቁራኛ ናቸው። ከከሳሹ በቀር ማንም አይፈታውም። ቋጠሮውን የቆረጠ ወይም ልብሱን ጥሎ የሄደ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው።

ሹሙ ጎንበስ አለና የጋቢውን ጫፍ ከሀብታሙ ጋቢ ጋር ቋጠረ። ሁለቴ ቋጠረው፤ በጥርሱም አጠበቀው።

«ፍታ!» አለ ሀብታሙ።

«እሷ ስትሻገር» አለ ሹሙ።

ሀብታሙ መጀመሪያ ላይ ሳቀ። ከብቶቹን ሊያይ ወጣ፤ ሹሙም ወጣ። በቅሎው ላይ ተቀመጠ፤ ሹሙ በእግሩ ከጎን ሲጎትት በቅሎዋ ግራ ገብቷት ግቢውን ሰባት ጊዜ ዞረች። ጎረቤት ደግሶ ጠርቶት ስለነበር ተያይዘው ሄዱ። ያ ቀጭን ሰውዬ ከክብር እንግዳው ጎን ተቀምጦ እንዴት በላ መሰለሽ! አንድ በግ ብቻውን ጨረሰ። እሺ፣ ግማሽ በግ። ሰዉ «ጌታው፣ ምን አጥፍተው ነው?» ሲል ሀብታሙ «ጨዋታ ነው» ይላል። ሹሙ ደግሞ ብራናውን ዘርግቶ ውሉን ያነብላቸዋል። ከሥጋው በኋላ ያነባል፣ ከጠጁ በኋላ ያነባል። ሀብታሙ ወደ ጓሮ ብቅ ሲል እንኳ... እሱን አልነግርሽም። ብቻ ንባቡ አልተቋረጠም።

ቤት ሲመለሱ ሚስትየው ወገቧን ይዛ ቆመች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ያገባሁት አንድ ባል ነው። ይሄኛውን የት ላድርገው?»

በማግስቱ የአገሩ ገዥ ሀብታሙን ጠራው። ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ማዕረግ ሊሰጠው ነው። ገዥው ደጅ ሲደርሱ ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገና ብራናውን ዘረጋ። ሀብታሙ ላብ በላብ ሆነ። እንዲህ ታስሮ ቢገባ «ምን አድርገህ ነው?» ይባላል፤ የገዛ ጣቱ ያረፈበት ውል ይነበባል። ጋቢውን ጥሎ ቢገባ ደግሞ ጥፋቱን አመነ።

«ውሰዳት!» አለ። «ውሰዳትና ፍታኝ!»

ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ እዚያው ይፈታው ነበር። ሹሙ ግን «እሺ ጌታዬ፤ ወንዙ ዳር እፈታዎታለሁ» አለው።

ሄዱ። ፈታይዋ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ ሀብታሙ እያለከለከ። እሷ ተሻግራ ወዲያ ማዶ ደረቅ መሬት ስትረግጥ አይቶ ነው ሹሙ ቋጠሮውን የፈታው። ቤት ስትደርስ እናቷ ገና ትተነፍስ ነበር። ልጇን በስሟ ጠራቻት።

እና ትርንጎ፣ ያ ሹም ያመላልሰኛል የምትይው ቢሮ ነው። ብራናው የምትፈርሚው ውል ነው። ቋጠሮው ደግሞ የአሠሪሽን ስም፣ ቤትና ፊርማ እዚያ አገር ኤምባሲ ያለው የኛ ሰው በእጁ መያዙ ነው። ደላላው በአሥር ቀን ያሻግርሻል፤ አልዋሸም። በር ሲቆለፍብሽ ግን ምኑን ከማን ጋር ይቋጥራል? የገባሽበትን ቤት ራሱ አያውቀው! ቢሮውም መልአክ አይደለም፤ ደብዳቤ ጽፎ ቁጭ የሚል አይጠፋበትም። ስለዚህ ስትፈርሚ «እዚያ ያለው ሰው ማነው? ስልኩስ?» ብለሽ ጠይቂ። ይሰልቹሽ። ሦስቱ ወር የሚሄደው ላንቺው ሲባል ነው፣ አውቀሽ ጠብቂ።

ነገ ፓስፖርትሽን ለደላላው ልትሰጪ አልነበር? አሁኑኑ እምቢ በይው። ከዚያ ዛሬ ማታ ደውይልኝ። በጽሑፍ አልፈልግም፤ እምቢ እንዳልሽው በገዛ ድምፅሽ ልስማ። ስልኬ ከተያዘ ከጎረቤቴ ከዘነቡ ጋር እያወራሁ ነው፤ ደግመሽ ደውይ፣ እሷን እዘጋባታለሁ።