የሽንኩርት ነጋዴዋ ፒክአፕና አዲሱ ኃላፊ

አንዲት መልስ የማታጣ የሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። ከባሏ የወረሰቻት አሮጌ ፒክአፕ ዳገት ላይ እየቆመች ብታስቸግራት፣ ከተገለበጠ አዲስ መኪና የተፈታ ሞተር ፈልጋ አስገጠመችላት። ፒክአፗም ያንን ዳገት ሽንኩርቷን እንደጫነች ትወጣው ጀመር።

ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ነጋዴዋ ወደ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ እንደ ሰዉ ሁሉ በራሷ ምትክ ድንጋይ አስቀምጣ ወረፋ ያዘች። በዚህ መሐል የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተሻረና በምትኩ አቶ ልዑልሰገድ ተሾሙ።

አቶ ልዑልሰገድ ወንበሩ ላይ ከሰነበቱ በኋላ የሞተሩን ወሬ ሰሙ። አንድ ቀን ከረባታቸውን አስተካክለው ወደ ግቢው ወጡና ሰልፈኛው ፊት የፒክአፗን ኮፈን አስከፈቱ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይቺ መኪና አሮጌ ናት ወይስ አዲስ? አሮጌ ናት ካልሽ፣ ዕድሜዋ አልፏልና ከመንገድ ትወጣለች። አዲስ ናት ካልሽ ደግሞ፣ የሌላ መኪና ታርጋ ለጥፈሻልና ትወረሳለች። በይ መልሺ!»

ሴትዮዋ የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሲሾሙበት ይሄ ጽሕፈት ቤት አዲስ ሆነ እንዴ?»

«ምን ነካሽ? ቤቱማ ያው ነባሩ ነው፤ አዲስ የገባሁት እኔ ነኝ።»

«የኔዋም እንደዚሁ ናት፤ ያቺው ነባሯ ፒክአፕ ናት። ብቻ እሷ ሞተር ሲቀየርላት ተንቀሳቀሰች። እዚህ ግን ለወረፋ ያስቀመጥኳት ድንጋይ፣ ካለፈው ኃላፊ ጀምሮ ከቦታዋ ፈቀቅ አላለችም።»